ቼኩ በእጄ አለፈ እንጂ ገንዘቡን አልነካሁትም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ታክስና ጡረታ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 14 ዓመት ሆቴል ውስጥ ሠርቼ በ2023 ወደ ሆስፒታል ሥራ ቀየርኩ። ያኔ ዕድሜዬ 53 ነበር። የሆቴሉ 401ኬ፣ ማለት በአሠሪ በኩል የሚጠራቀመው የጡረታ ሂሳብ፣ ውስጥ 41,600 ዶላር ነበረኝ። እዚያው ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ አንድ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ዘንድ አይአርኤ የሚባለውን የግል የጡረታ አካውንት ከፈትኩ። ገንዘቡ ወደዚያ ሮሎቨር እንዲሆን፣ ማለት ታክስ ሳይነካው እንዲዛወር፣ ፎርም ሞላሁ። ሴፕቴምበር ላይ ቼኩ በፖስታ እቤቴ ድረስ መጣ። በማግስቱ ለአዲሱ ኩባንያ ላክሁት። መግባቱንም በስልኬ አየሁ። በቃ አለቀ ብዬ ተውኩት።

አሁን የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ሲፒ2000 የሚባል ደብዳቤ ልኮብኛል። 41,600 ዶላሩ ገቢሽ ነው፣ አላሳወቅሽም ይላል። ታክሱና ቅጣቱ 12,257 ዶላር ነው፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ልጄ ሲያነብልኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ቼኩ በእጄ አለፈ እንጂ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ጓደኛዬ «ከመንግሥት ጋር ምን ያከራክርሻል፣ በየወሩ እየከፈልሽ ገላግለሽ ጣይው» ትለኛለች። ልክፈል ወይ? የቼኩን ፎቶና የመጡልኝን ወረቀቶች አብሬ ልኬያለሁ።

መልስ፦

እህቴ፣ አይክፈሉ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅሁም፤ ማታውኑ ደውዬልዎታለሁ። ምክንያቱም የሲፒ2000 መልስ መስጫ ቀን ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን አንሥቶ 30 ቀን ብቻ ነው። እዚህ የምጽፈው እርስዎም ስለፈቀዱልኝ፣ ተመሳሳይ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ የደበቀ ሌላ አንባቢ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ደብዳቤው። ሲፒ2000 ፍርድ አይደለም። ክፈሉ ተብሎ የተቆረጠ ቢልም አይደለም። አሠሪዎች፣ ባንኮችና የጡረታ ድርጅቶች ስለ እርስዎ የላኩትን ወረቀት የአይአርኤስ ኮምፒውተር እርስዎ ካስገቡት ታክስ ጋር ያመሳክራል። አልገጥም ሲለው «እኛ ጋ ያለው እንዲህ ነው፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። አብሮ የመጣውን የመልስ ወረቀት ይመልከቱ። «አልስማማም» የሚል ሳጥን አለው።

የጓደኛዎን ምክር ከየት እንደመጣ ግን በደንብ አውቃለሁ። የእኔም አክስት ከዓመታት በፊት ይህንኑ ደብዳቤ አግኝታ ለማንም ሳትናገር በሦስት ጊዜ ከፍላ ጨረሰች። «የመንግሥት ወረቀት ቤቴ እንዲያድር አልፈልግም» አለችኝ በኋላ። የነገረችኝ ለፋሲካ ቤቷ ሄጄ ቡና ሲፈላ ነው። ያን ሁሉ ዶላር መክፈል አልነበረባትም። የተከፈለ ታክስ ተመላሽ የሚጠየቀው የታክስ ፎርሙ በገባ በ3 ዓመት ወይም ገንዘቡ በተከፈለ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ረዘም ያለው ይያዛል። ለእሷ ጊዜው አላለፈም ነበርና የታክስ ማረሚያውን ፎርም 1040-ኤክስ ሞልተን አስመለስንላት። ሴትዮዋ ግን ያን ገንዘብ ለመክፈል አንድ ክረምት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሥራ ሠርታለች። ለዚህ ነው ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ወረቀቶች። ቼኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው ያነሱት፤ የፖስታው መታጠፊያ መሐሉ ላይ ይታያል። «ፔይ ቱ ዘ ኦርደር ኦፍ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን መስመር አጉልቼ አየሁት። መጀመሪያ የተጻፈው የአዲሱ ኩባንያ ስም ነው። ከዚያ ኤፍቢኦ የሚሉ ሦስት ፊደሎች አሉ። ከዚያ የእርስዎ ስም። ኤፍቢኦ ማለት «ለእገሊት ጥቅም» ማለት ነው። ስለዚህ ቼኩ የተጻፈው ለእርስዎ አይደለም። ቤትዎ ቢመጣም፣ በገዛ እጅዎ ፖስታ ቤት ቢወስዱትም፣ በሕጉ ዓይን ቀጥታ ሮሎቨር ነው። ይህ ፎቶ ትልቁ ማስረጃዎ ነው። ፎቶ ስላነሱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ሰው አያነሳም።

ቀጥሎ በጃንዋሪ 2024 የመጣልዎት 1099-አር፣ ማለት ከጡረታ ሂሳብ ገንዘብ መውጣቱን የሚያሳውቀው ወረቀት። ሳጥን 7 ላይ የተጻፈው ኮድ 1 ነው። ኮድ 1 ማለት ይህች ሰው 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላት ገንዘቡን አውጥታ ወስዳለች ማለት ነው። ታክሱም 10 ከመቶ ቅጣቱም የመጣው ከዚህች አንድ ቁጥር ነው። መሆን የነበረበት ጂ ነው፤ ቀጥታ ሮሎቨር የሚገለጸው በጂ ነው።

እዚያው ወረቀት ላይ ሳጥን 4 ደግሞ ባዶ ነው። ሳጥን 4 የተቀነሰ የፌዴራል ታክስ የሚጻፍበት ነው። እርስዎ እውነት ገንዘቡን በእጅዎ ወስደው ቢሆን ኖሮ የ401ኬው አስተዳዳሪ 20 ከመቶ መቀነስ በሕግ ይገደድ ነበር፤ ከ41,600 ላይ 8,320 ዶላር ማለት ነው። ቼኩ ግን ሙሉውን 41,600 ነው። ይኸው ድርጅት ራሱ ሲከፍል እንደ ቀጥታ ሮሎቨር ከፍሎ፣ ሪፖርት ሲያደርግ ግን እንደወጣ ገንዘብ ጽፎታል። ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርስ ይጣላሉ። ለአይአርኤስ በሚጽፉት መልስ ላይ ይህችን ነጥብ በግልጽ ያስቀምጡ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ከላኩልኝ ውስጥ ግን አንድ ትንሽ ወረቀት አስደነገጠችኝ። ከአዲሱ ኩባንያ የመጣች 1099-ኢንት ናት። ለ2023 ወለድ 387 ዶላር ትላለች። አይአርኤ ውስጥ ያለ ገንዘብ በየዓመቱ የወለድ ወረቀት አይልክም፤ ታክሱ የሚታሰበው ሲወጣ ነው። ወረቀቷ ከመጣች ገንዘቡ አይአርኤ ውስጥ የለም ማለት ነው። ስደውልልዎት «ሁለት አካውንት ነበር እንዴ የከፈቱት?» ያልኩት ለዚህ ነው። አዎ አሉኝ። ሠራተኛው በዚያው ቀን አንድ ተራ አካውንት አብሮ ከፍቶልዎታል። 41,600 ዶላሩ ያረፈው እዚያ ነው። አይአርኤው ባዶውን ተቀምጧል።

ለምን እንደተሳሳቱ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ የምጠረጥረው ግን አለ። ተራው አካውንት የተከፈተው በእርስዎና በአባትዎ ስም ነው። አይአርኤው ደግሞ በፓስፖርቱ መሠረት አያትዎን «ላስት ኔም» አድርጎ ነው። ቼኩ ላይ ያለው የእርስዎና የአባትዎ ስም ነው። ከቼኩ ስም ጋር የገጠመው ተራው አካውንት ሆነ። እኛ ሐበሾች በዚህ አገር በስማችን የማንከፍለው ዕዳ የለም። አንዱ ቤት አባታችን፣ ሌላው ቤት አያታችን የቤተሰብ ስም ይሆናል። የጡረታ ገንዘብ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት የድሮው 401ኬ፣ አዲሱ አካውንትና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ላይ ያለው ስም በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን እዩ። ካልሆነ መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ፣ ገንዘቡ ይቆይ።

እንግዲህ የሚስተካከለው ከአዲሱ ኩባንያ ጀምሮ ነው። ከወጣ ገንዘብ ላይ ሮሎቨር የሚደረገው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የእርስዎ 60 ቀን ኖቬምበር 2023 ላይ አልፏል። ስህተቱ የተቀባዩ ድርጅት ሲሆንና በ1 ዓመት ውስጥ ሲታረም ለ60 ቀኑ ማለፍ ይቅርታው ያለ ምንም ማመልከቻ ይሰጣል፤ ያም አልፏል። ግን ሌላ በር አለ። አይአርኤስ ከ2016 ጀምሮ የራስ ማረጋገጫ የሚባል ነገር ፈቅዷል፤ ቀኑ ያለፈበት ሰው ራሱ ምክንያቱን ጽፎ የሚፈርምበት ደብዳቤ ነው። በ2020 ባወጣው መመሪያ አድሶታል፤ ቁጥሩ 2020-46 ነው። መመሪያው ላይ 12 ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ከእነሱ አንዱ የገንዘብ ተቋሙ ስህተት ነው። ናሙና ደብዳቤው መጨረሻው ላይ አለ። ስምዎን ሞልተው፣ ምክንያቱን መርጠው፣ ፈርመው ለኩባንያው ይሰጣሉ። ለአይአርኤስ አይላክም፤ ክፍያም የለውም። ኩባንያው ያንን ተቀብሎ 41,600ውን ወደ አይአርኤው ያስገባል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ያገደዎት ነገር ከተወገደ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ካስገቡ አልዘገየችም ይባላል። ስህተቱን ያወቅነው ያን ማታ በስልክ ነው፤ ከዚያ ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የሚገባው 41,600 ብቻ ነው። ተራው አካውንት ውስጥ ያፈራው ወለድ እንደ ሮሎቨር አይገባም፤ ሮሎቨር ከወጣው ገንዘብ ሊበልጥ አይችልም። ማረጋገጫው ደግሞ ራሱ ይቅርታ አይደለም። አንድ ቀን ቢመረምሩ አይአርኤስ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አይአርኤውን የከፈቱበትን ማመልከቻ፣ ቼኩን የላኩበትን ሸኚ ወረቀትና የፖስታ ደረሰኝ አንድ ፎልደር ውስጥ ያድርጉ።

ኩባንያውን ሲያነጋግሩ ስልክ ላይ «እናስተካክላለን» ብለው እንዲሸኙዎት አይፍቀዱ። የሮሎቨር ክፍልን ይጠይቁ። ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ የጉዳይ ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ በራሳቸው ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ «ቼኩ በዚህ ቀን ደርሶን፣ በእኛ ስህተት አይአርኤ ላልሆነ አካውንት ገብቷል» የሚል ደብዳቤ ይጠይቁ። መጀመሪያ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ደግመው ይጠይቁ። በሥራዬ 17 ዓመት ሆኖኛል። እንደዚህ ያለ አንድ ገጽ ደብዳቤ የዘጋው ፋይል እኔ ብዙ ገጽ ጽፌ ከዘጋሁት ይበልጣል።

ለድሮው የ401ኬ አስተዳዳሪ ደግሞ የታረመ 1099-አር እንዲያወጣ ይጻፉለት። የቼኩን ቅጂ ያያይዙ። ሳጥን 7 ጂ ይሁን፣ ታክስ የሚከፈልበት መጠን የሚጻፍበት ሳጥን 2ኤ ዜሮ ይሁን ይበሉ። ካላረመ አይአርኤስን በ800-829-1040 ደውለው እንዲጠይቅልዎት ማድረግ ይቻላል። ፎርም 4852 የሚባል ምትክ ፎርምም አለ።

ለአይአርኤስ የሚሄደው መልስ አጭር ይሁን። «አልስማማም» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉ። አንድ ገጽ ማብራሪያ፣ የቼኩ ቅጂ፣ 1099-አሩ፣ ለኩባንያው የሰጡት ማረጋገጫ ቅጂ፣ ገንዘቡ አይአርኤ ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ስቴትመንት። ኦርጅናል ወረቀት እንዳይልኩ። በሪኮማንዴ ይላኩ፣ ደረሰኙን ይያዙ። የኩባንያው ደብዳቤ በቀኑ ካልደረሰ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለው ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም ይችላሉ። ዝም ብሎ ቀኑን ማሳለፍ ብቻ ነው የማይሆነው። ዝም ካሉ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የታክስ ፍርድ ቤት ነው። ሌላ የሚቀየር ነገር ከሌለ 1040-ኤክስ መሙላት አያስፈልግዎትም።

ገቢያቸው ዝቅ ያለ አንባቢዎች ለዚህ ሁሉ ሰው መቅጠር ካቃታችሁ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ታክስ ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ። በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይቆሙላችኋል። ክሊኒኮቹ ከአይአርኤስ ነጻ ናቸው፣ አትፍሯቸው።

ጥያቄ፦

የአጎቴ ልጅ ሮሎቨር በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚቻለው ይለኛል። እኔ ደግሞ ከሁለት የድሮ ሥራ ሁለት 401ኬ አለኝ። አንዱን ዘንድሮ ሌላውን ለከርሞ ላድርገው?

መልስ፦

ሁለቱንም ዘንድሮ ማድረግ ይችላሉ። የአጎትዎ ልጅ የሰማው እውነት ነው፣ ግን ለሌላ ነገር ነው። በ12 ወር አንዴ የሚለው ከአይአርኤ አውጥተው በእጅዎ ይዘው ወደ አይአርኤ ሲመልሱ ነው። በ2014 በአንድ የታክስ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጠብቆ፣ ከ2015 ጀምሮ ስንት አይአርኤ ቢኖርዎትም በድምሩ አንዴ ብቻ ሆኗል። ከ401ኬ ወደ አይአርኤ አይቆጠርም። ከድርጅት ወደ ድርጅት ቀጥታ የሚሄድም አይቆጠርም። ሂሳቡ ውስጥ ያለው ግን ከ7,000 ዶላር በታች ከሆነ ቶሎ ይበሉ፤ ድርጅቱ ሳያስፈቅድዎት ሊያወጣው ይችላል።

ጥያቄ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ 41 ዓመቴ ነው። ሥራ ስለቅ 401ኬ ውስጥ 18,000 ዶላር ነበረኝ። ቼኩ በስሜ 14,400 ሆኖ መጣ። አይአርኤ ከፍቼ አስገባለሁ ብዬ ቼኪንግ አካውንቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። በ15ኛው ቀን እናቴ ጎንደር አረፈች ተብሎ ተደወለልኝ። በማግስቱ ሄድኩ። አርባዋን አውጥቼ፣ የቤቷን ነገር አስተካክዬ ስመለስ 71 ቀን ሆኗል። ከተመለስኩ 6 ቀኔ ነው። ገንዘቡ አልተነካም። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የእናትዎን ነፍስ ይማር።

አላለቀም። ከላይ ለእህታችን የነገርኳት የራስ ማረጋገጫ ከ12ቱ ምክንያቶች አንዱ የቤተሰብ አባል ሞት ነው። የእርስዎ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ማስረዳት እንኳ ብዙ አይፈልግም። ያገደዎት ነገር የተወገደው ሲመለሱ ነው። ከ30 ቀኑ 24 ቀርቶዎታል። ይህን እንዳነበቡ አይአርኤውን ይክፈቱ፣ ማረጋገጫውን ፈርመው ይስጡ፣ ገንዘቡን ያስገቡ።

ስንት እንደሚያስገቡ ግን ይጠንቀቁ። ቼኩ በስምዎ ስለተጻፈ 20 ከመቶው፣ ማለትም 3,600 ዶላር፣ ቀድሞ ለመንግሥት ሄዷል። ሕጉ የሚያየው የወጣውን 18,000 ነው። 14,400ውን ብቻ ካስገቡ 3,600ው እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይከፈልበታል፣ ተጨማሪ 360 ዶላር ቅጣትም አለው። ስለዚህ 3,600ውን ከሌላ ቦታ ፈልገው ይሙሉት። ከወንድም ይበደሩ፣ ዕቁብ ካለዎት ዳኛውን አስፈቅደው ቀድመው ያንሱ። ያ ገንዘብ የትም አይሄድም። ሳጥን 4 ላይ እንደተቀነሰ ታክስ ተጽፎ ይመጣል፤ የዓመቱን ታክስ ሲያስገቡ ይታሰብልዎታል፣ ሌላ ዕዳ ከሌለብዎ ተመላሽ ሆኖ ይመጣል። ሙሉውን መሙላት ካልቻሉ የቻሉትን ያህል ያስገቡ። ያስገቡት ሁሉ ይድናል።

የእርስዎ 1099-አር ኮድ 1 ሆኖ ይመጣል፤ በእርስዎ በኩል ስህተት አይደለም፣ ቼኩ በስምዎ ስለወጣ ነው። ታክሱን የሚሞላልዎት ሰው ይህን ካላወቀ እንደ ገቢ ይጽፈዋል። ፎርም 1040 ላይ በ5ኤ መስመር 18,000፣ ሁሉንም ካስገቡ በ5ቢ መስመር 0 መሆን አለበት። አይአርኤው ያለበት ድርጅት ደግሞ ፎርም 5498 ላይ ዘግይቶ የገባ ሮሎቨር ብሎ ያስመዘግባል። የአውሮፕላን ቲኬቱንና ከጎንደር ያመጡትን የሞት ማስረጃ ከማረጋገጫው ቅጂ ጋር ያስቀምጡ፤ ማስረጃው በአማርኛ ብቻ ከሆነ አሁኑኑ ያስተርጉሙት።